ጀልባው ይመጣል

ብሮንዊን ሌሚ ዘፈን ማበላሸት ትችልበታለች። ሌላው ዕድሜውን ሙሉ ሲደክም ኖሮ አንድ ዘፈን ይጽፋል፤ እሷ የተጻፈውን ትወስድና ዜማውን ሳትነካ ቃሉን እየነቀለች የራሷን ትተክልበታለች። የዊታከር ደሴት ሰው ሲያገባ፣ ጡረታ ሲወጣ፣ ይህን የሚያህል ዓሣ አወጣሁ ብሎ ጉራ ሲነዛ የብሮንዊንን ምላስ ሳይቀምስ አያልፍም። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ሁሉም ይወደዋል፣ ትንሽ ይፈራዋል፣ ቁም ነገር ሲመጣ ግን የሚጠራው የለም።

የምታበላሸው ዘፈን ሁልጊዜ አንድ ነው። በዚህ አገር ትምህርት ቤት ገብቶ ያንን ዘፈን ሳይዘፍን የወጣ ሰው ካለ ወይ ያን ሰሞን ታሞ ነበር፣ ወይ ይዋሻል። ከግድብ ሥር ስላለች ከተማ የሚያወራ የቆየ የሙዚቃ ቲያትር አለ። ግድቡ ሊሰነጠቅ ደርሷል፤ በሩ ተከፍቶ ውሃው በከተማዋ ላይ ይለቀቅ የሚል ትእዛዝም ከላይ ወርዷል። የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ሲል ሙሽራዋ ደጇ ላይ ቆማ የራሷን ትዘፍናለች። ሌባው የራሱን ይዞ ይገባል፣ ቄሱ ይከተላል፣ ዳቦ ጋጋሪዋም ትጨምራለች። ከዚያ ሁሉም በየራሳቸው ዜማ አንዱ በሌላው ላይ ይዘፍናሉ፤ "ውሃው ይመጣል" የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ይሆናሉ። ጣራው ሊነሳ ነው ሲባል ድንገት ጸጥ ይላሉ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የግድቡ መሐንዲስ ብቻውን ወደ ፊት ይመጣና "ቁልፉ በእጄ ነው፣ ውሃው ይመጣል" ብሎ ያንጎራጉራል። ይህን ሰምቶ ምንም የማይሰማው ሰው ካለ እኔ አላውቀውም፣ ማወቅም አልፈልግም።

እንዲህ የከበረ ዘፈን መቀለጃ መሆኑ አይቀርም። ተማሪው "ፈተናው ይመጣል" ይለዋል። ግንበኛው "ሲሚንቶው ይመጣል" እያለ አሠሪውን ይሸነግልበታል። ወሯ የገባ ሴት ጓደኞቿ ሆዷን ከበው "ልጁ ይመጣል" ይሉላታል፤ አንድ ዋንጫ በእጁ ነክቶ የማያውቅ የኳስ ቡድን ሳይቀር በየዓመቱ "ዋንጫው ይመጣል" ይላል። ከዚህ የተነሳ የዛሬ ልጆች እውነተኛውን ዘፈን መጀመሪያ ሲሰሙ "ማነው ደግሞ እንዲህ ያበላሸው?" ብለው ይጠይቃሉ።

ዊታከር ላይ ነገሩ ከቀልድ አልፎ ሥርዓት ሆኗል። አንድ ዘመን የደሴቱ ሰው ራሱ ያንን ቲያትር በቆርቆሮ ጣራው አዳራሽ አሳይቶ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱ ሰው ስንኝ እንደ ቤት በውርስ ይተላለፋል። የሙሽራዋ ስንኝ የሄስተር ኩዌይል እናት ነበር፤ አሁን የሄስተር ነው። ሄስተር ጡረታ የወጡ የሕግ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፣ የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበርም ናቸው፤ ሙሽራነታቸውን ግን ሞክሮ የነካባቸው የለም። ዘፈኑን የምትከፍተው ሙሽራዋ ስለሆነች እሳቸው አፋቸውን ካልከፈቱ ሌላ ሰው ትንፍሽ አይልም።

የመሐንዲሱን ስንኝ ግን ማንም አልወረሰውም። ያቺን ጸጥታ ቀዳዳ ይሏታል። ዘፈኑ የተበላሸለት ሰው፣ ሙሽራ ይሁን ጡረተኛ፣ ሁሉም ጥያቄ ጠይቀውት ጸጥ ሲሉ በዚያች ቀዳዳ ተነስቶ ከራሱ አፍልቆ በዜማ መመለስ አለበት። ከመለሰ ትከሻ ላይ አውጥተው ይሸከሙታል። ካልመለሰ በደሴቱ መዝናኛ ክበብ ለተሰበሰበው ሁሉ ቢራ ይጋብዛል። ብዙዎቹ ቢራውን ይመርጣሉ።

እንግዲህ በዚህ ደሴት ላይ ነው የማታው ጀልባ ሊቆም ነው የተባለው። ወረቀቱ የጀልባ ማቆሚያው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ከከተማው ከሰልቢ ወደ ደሴቱ መጥቶ መልሶ የሚሄደው የመጨረሻው ጀልባ ተሳፋሪ ስላነሰው ይቀራል፤ ውሳኔው ከመፈረሙ በፊት አንድ ኃላፊ መጥቶ ሕዝቡን ያነጋግራል ይላል። ሕዝቡን ያነጋግራል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

ብሮንዊን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሰልቢ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ከሰዓት ትገባለች፣ ሲመሽ ትወጣለች፣ እየሮጠች የማታውን ጀልባ ትይዛለች። እሱ ከሌለ ሥራዋን ትለቃለች፣ አለዚያም ከተማ ቤት ትከራያለች። ከተማ ከተከራየች ደግሞ አባቷ ክሌም ብቻውን ሊቀር ነው። ክሌም ዓይኑ እየደከመ ሄዶ አሁን የሚያየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ቤቱን ግን በእጁ ያውቀዋል፤ የቱ ደረጃ እንደተሰበረ፣ የቱ መስኮት እንደሚጣበቅ ይነግርሃል። ሚስቱም የተቀበረችው እዚያው ደሴቱ ላይ ነው። ሌላ ቤት ውሰደው፣ ያን ጊዜ ነው በእውነት ዕውር የሚሆነው።

ነገሩን ስታወራው እንደ ሌላ ጊዜ አልቀለደም። እሷ ከተማ ትከራይ፣ እሱ ግን ከዚህ ቤት የሚወጣው በእግሩ አይደለም ብሎ ቁርጡን ነገራት፤ ቀጥሎም ሻይ ጣጂ አላት። ብሮንዊን ጀርባዋን ሰጥታው ምድጃው ላይ አለቀሰች። ክሌም አላየም፣ ግን ሰምቷል።

ሴትየዋ አልቅሳ የምትቀር አይነት አይደለችም። በማግስቱ ሄስተር ቤት ሄደች። ሄስተር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ለስብሰባው የሚያቀርቡትን ንግግር እየጻፉ ነበር፤ ሕጉን፣ ጥናቱን፣ የሌሎች ደሴቶችን ልምድ ሁሉ ደርድረውታል። ብሮንዊን ሐሳቧን ነገረቻቸው። ሰውየው ሲመጣ ዘፈኑን እንዘፍንለታለን፤ "ጀልባው ይመጣል" ብዬ ጽፌዋለሁ፤ እርስዎ ይክፈቱልን አለች።

ሄስተር መነጽራቸውን አወለቁ።

"ብሮንዊን፣ በቀልድ ጀልባ አይድንም።"

"በንግግርስ ይድናል?"

"ቢያንስ አያዋርደንም። ደግሞ አንድ ሰው በዘፈንሽ ከዚህ ደሴት አባረሻል። አልረሳሁትም።"

እሷም አልረሳችውም። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጡረታ ሲወጣ የጻፈችለት ጥያቄ ጠንከር ያለ ነበር። ሰውየው በዚያች ቀዳዳ ውስጥ አፉን ከፍቶ ቀረ፣ ፊቱ ቀላ፣ ዞሮ ወጣ፤ በማግስቱም ማንንም ሳይሰናበት በጠዋቱ ጀልባ ሄደ። ሰው ሲስቅ እሷም ስቃ ነበር።

"ይሄንን ሰውዬ ማባረር አይደለም የምፈልገው፤" አለች ቀስ ብላ። "እንዲሰማን ነው።"

"እንግዲያው ይስማኝ፤" አሉ ሄስተር፣ ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ሙሽራዋ እምቢ ካለች ዘፈን የለም። ብሮንዊን ይህን እያወቀች ስንኞቹን ለየባለቤታቸው አደለች። ምን እንደያዛት አይታወቅም፤ ግትር ናት። የሌባውን ስንኝ ለፋታይ ሰጠችው። ፋታይ የቶንጋ ሰው ነው፣ በጀልባው ላይ ገመድ የሚጥልና የሚያስር፣ ድምፁ ከጀልባው ሞተር የወፈረ። የሌባነቱን ስንኝ ከአማቱ ነው የወረሰው፤ አማቱ በውርሱ እንጂ በሌላ ነገር ሌባ እንዳልነበሩ ሳይናገር አያልፍም። የቄሱ ስንኝ የአባቷ ነው። ለእሱ ስለ ውሻው ጻፈችለት፤ ውሻው ጅራቱን እያወዛወዘ ጀልባ እንደሚጠብቅ የሚል፣ ሰው የሚያስቅ። ክሌም በቃሉ ያዘው። የዳቦ ጋጋሪዋ ስንኝ የራሷ የብሮንዊን ነው።

የስብሰባው ዕለት ብሮንዊን ፈረቃዋን ከጓደኛዋ ጋር ተቀያይራ ከሰዓት ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ስታሰልፍ ዋለች። ውጭ ቋሊማ እየተጠበሰ ነው፤ እዚህ አገር ቀብርም ሆነ ምርጫ ቋሊማ በዳቦ ሳይበላ አይካሄድም። ፋታይ በጀልባው ዩኒፎርሙ እንዳለ እየተጣደፈ ገባና ክርኗን ያዛት።

"ሰውዬሽን አመጣሁት። አሊስተር ፔንሃሎ ይባላል። ቦርሳውን አቅፎ ጥግ ላይ ተቀምጦ መጣ።"

"ክፉ ነው?"

"ክፉ አይመስልም። የደከመው ነው የሚመስለው። ግን ስሚኝ፤ እኔ ገመዱን እየጠቀለልኩ ዘፈናችንን ሳፏጭ ነበር። ቀዳዳዋ ጋ ስደርስ አቆምኩ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የመሐንዲሱን አፏጨ። መስኮት መስኮቱን እያየ፣ ማፏጨቱንም ያወቀ አይመስለኝም።"

ብሮንዊን የያዘችውን ወንበር ለቀቀችው። ያቺን ቀዳዳ ሳያውቅ የሚሞላት መሐንዲሱን ሆኖ የተጫወተ ሰው ብቻ ነው። አንድ ቀን፣ በሆነ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ ይህ ቦርሳ ያቀፈ ሰው የካርቶን ቁልፍ ይዞ እናቱ ፊት ቆሞ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ሌላም ነገር ታሰባትና በቁሟ ሳቋ መጣ። ስብሰባውን ማታ የጠራው እሱ ራሱ ነው። ታዲያ ስብሰባው ሲያልቅ በምን ሊሄድ ነው?

በቀዳዳዋ ላይ ልትጠይቀው ያሰበችው ሌላ ነበር፣ ስለ ሹመቱ፣ ነከስ የሚያደርግ። ያንን ትታ አዲስ ሁለት መስመር ቋጠረችና ቋሊማ ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ እየዞረች በጆሮው አቀበለችው። ለሄስተር ብቻ አልነገረቻቸውም።

አዳራሹ ጢም አለ። አሊስተር ፔንሃሎ ፊት ለፊት ቆሞ፣ በእጁ በያዛት ትንሽ መቀየሪያ ግድግዳው ላይ ሥዕልና ሰንጠረዥ እያፈራረቀ ተናገረ። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ንግግሩ ጨዋ ነው፤ ክፉ ቃል አልወጣውም። ተሳፋሪ አንሷል፣ ነዳጅ ከብዷል፣ ጀልባው አርጅቷል፣ መሥሪያ ቤቱ አዝኗል። ሰው እጁን እያወጣ ተነሳ። አንዱ ሌሊት ልጄ ቢያመውስ አለ፤ ሌላዋ ልጄ ከተማ ሥራ የምትገባው እንዴት ነው አለች። ሰውየው እያንዳንዱን በትዕግሥት ሰምቶ "ሐሳብዎ ተመዝግቧል" ይላል። ተመዝግቧል ማለት ተቀብሯል ማለት እንደሆነ ከሦስተኛው ሰው በኋላ አዳራሹ ሁሉ ገባው።

በመጨረሻ ሄስተር ተነሱ። እውነቱን ለመናገር ግሩም ነበር። ወረቀቱን ሳያዩ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ሕጉን ከነአንቀጹ እየጠሩ እንደ ችሎት ዘመናቸው ተናገሩ። ሰው ትንፋሹን ይዞ አዳመጠ። ብሮንዊን የአዳራሹ ፒያኖ ፊት ተቀምጣ፣ እንዲህ የሚናገር ሰው እያለን እኔ ምን ዘፈን ዘፈን ያሰኘኛል ብላ አፈረች። ሄስተር ሲጨርሱ ሰውየው ራሱን በአክብሮት ዝቅ አደረገ።

"እናመሰግናለን። ሐሳብዎ ተመዝግቧል።"

ይህን ብሎ ሰዓቱን አየ። ቀጥሎ በመስኮቱ ወደ ጀልባ ማቆሚያው አየ። ቅጽበት ነው፤ ግን ሄስተር ምስክር ሲዋሽና ሲፈራ ሲያዩ የኖሩ ሴት ናቸው፣ ዓይኑን ተከትለው እሳቸውም በመስኮቱ አዩ። የማታው ጀልባ መብራቱን አብርቶ ቆሟል። ሄስተር ንግግራቸውን አጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዞረው ብሮንዊንን አዩዋት። ብሮንዊን ገባት፤ የመጀመሪያውን ድምፅ መታች።

የሄስተር ድምፅ ቀጭን ነው፣ ትንሽም ይሰነጠቃል። ግን ሙሽራ ናቸው።

"ለዳቦ ለወተት ከተማ ወርጄ፣
ጀልባው ይመጣል፣ እገባለሁ ደጄ።"

ስንኙን ለካ ብሮንዊን በደጃቸው ሥር ከጣለችው ወረቀት አንብበው በቃላቸው ይዘውት ነበር። እምቢ ያሉት ሴትዮ። አዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታ ሄደ፤ ከኋላ የፋታይ ድምፅ መሬቱን እያንቀጠቀጠ ገባ።

"ገመዱን ፈትቼ፣ ገመዱን አስሬ፣
ጀልባው ይመጣል፣ እንደ ትናንት ዛሬ።"

አሊስተር ፔንሃሎ ግራ ተጋብቶ ፈገግ አለ፤ ሰው ተሳስቶ የሌላ ሰው ልደት ላይ ሲገኝ ፈገግ እንደሚለው። ተራው የቄሱ ነበር። ክሌም በትሩን ተደግፎ ከፊተኛው ወንበር ተነሳ። ብሮንዊን ስለ ውሻው የሚለውን እየጠበቀች፣ ሳቁ ሲፈነዳ ቀጥላ የምትመታውን አዘጋጀች። ክሌም ፊቱን ወደ ፒያኖው ድምፅ አዞረ።

"መብራት አብርቼ፣ ሻዬን ጥጄ፣
ጀልባው ይመጣል፣ ትገባለች ልጄ።"

የሳቀ ሰው አልነበረም። ብሮንዊን ጣቷ ቁልፎቹ ላይ ቀረ። ዓይኑ የማያይ ሰው ለራሱ መብራት አያበራም። ለእሷ ነበር የሚያበራው፣ በየማታው፣ ከጀልባው ላይ ሆና እንድታየው። ይህን ሁሉ ዓመት ያንን መብራት ስታይ ረስቶት ነው ትል ነበር። አሁን ግን ተራዋ ደርሷል፣ ሰው ይጠብቃታል። እንባዋን ሳትጠርግ ዘፈነች።

"ቁስል አጥቤ፣ እግሬን ጎትቼ፣
ጀልባው ይመጣል፣ እተኛለሁ ገብቼ።"

ከዚያ በኋላ ማንም የሚያቆመው አልነበረም። ሙሽራዋ ከላይ፣ ሌባው ከታች፣ ቄሱ መሀል፣ የቀረው ሕዝብ በአራቱም ማዕዘን ተነስቶ የራሱን ስንኝ ያዘ። ሁለት መቶ ጊዜ በሠርግና በሽኝት የዘፈኑት ዘፈን ነው፤ በቀልድ ሲያበላሹት ኖረው እንዴት አድርገው እንደተካኑበት ራሳቸውም አላወቁም ነበር። "ጀልባው ይመጣል" ላይ ሁሉም ሲገናኙ የቆርቆሮው ጣራ ይጮሃል። ሰውየው ፈገግታው ጠፍቷል። አፉ በትንሹ ተከፍቷል፣ የቀኝ እግሩ መሬቱን ይመታል፤ እግሩን ያዘዘው እሱ አይመስልም። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እሱ ዞረው በአንድ ድምፅ ጠየቁት።

"አለቃ፣ አለቃ፣ ስብሰባው ሲያልቅ፣
በምን ልትሻገር፣ በምን ልትዘልቅ?"

ጸጥ አሉ። ቀዳዳዋ ተከፈተች።

የዚያን ያህል የረዘመች ቀዳዳ ዊታከር ላይ ታይታ አትታወቅም። ውጭ ውሃው የማቆሚያውን እንጨት ሲመታ ይሰማል። ሰውየው የሥዕል መቀየሪያዋን በእጁ እንደያዘ ቆሟል፣ ፊቱ መቅላት ጀምሯል። ብሮንዊን ያንን ቅላት ታውቀዋለች። የርዕሰ መምህሩ ፊት መጣባት። አሁን ቦርሳውን አንስቶ ይወጣል፤ ነገም ተናዶ ይፈርማል፤ አባቷን ቤት አልባ ያደረገችው እሷው፣ በገዛ ቀልዷ። ዞር በልና ሳቅ፣ ወይም ተመዝግቧል በለን፣ ምንም ይሁን ብቻ አንድ ነገር በል ብላ በልቧ ለመነችው።

አሊስተር ፔንሃሎ ሰዓቱን አየ። በመስኮቱ ጀልባውን አየ። ከዚያ በእጁ የያዛትን መቀየሪያ አየ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነች እንዳላወቀ ሰው፤ ቀስ ብሎም ከፍ አደረጋት፣ ድሮ የካርቶኑን ቁልፍ ከፍ እንዳደረገው። ሲጀምር ድምፁ ሰለለ። ሁለተኛው ቃል ላይ ግን ጠራ፤ ማንም ያልጠበቀው፣ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የከረመ መልካም የወንድ ድምፅ።

"ቁልፉ በእጄ ነው፤" ብሎ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። "ጀልባው ይመጣል።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ያስቸግራል። ሁሉም በአንድ ጊዜ የየራሱን ስንኝ ይዞ ፈነዳ። ፋታይ ወንበር ላይ ወጣ። ሄስተር እንደ ሙሽራ እጃቸውን ዘርግተው ዘፈኑ። ሰውየውም መሐንዲስነቱን አልለቀቀም፤ ያቺኑ ስንኝ እየደጋገመ፣ ክራባቱን እያላላ፣ በላብ ተጠምቆ እስከ መጨረሻው አብሯቸው ሄደ። ብሮንዊን ፒያኖውን እየደበደበች ጮክ ብላ ታለቅስም ትስቅም ነበር፤ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ሲያበቃ ሰውየው ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። ውሃ ሰጡት። ጠጣና ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ።

"እዚህ የመጣሁት ይሄንን ፈርሜ ለመመለስ ነው፤" አለ። "ፊርማው የእኔ ነው፣ የሌላ የማንም አይደለም። ስብሰባውን ማታ ስጠራ በምን እንደምመለስ አላሰብኩም። እንዳለ ነው የቆጠርኩት። ሁላችሁም እንደዚያው ነው የምትቆጥሩት መሰለኝ።" ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። "አልፈርምም። የማታው ጀልባ ባለበት ይቀጥላል።"

ሰው ሊጮህ አፉን ሲከፍት የሄስተር እጅ ቀደመ።

"ሚስተር ፔንሃሎ፣" አሉ መነጽራቸውን እያደረጉ፣ "ይሄ ቃልዎ ይመዝገብልኝ።"

"ተመዝግቧል፤" አለ ሰውየው፣ እሱም አብሮ ሳቀ።

ሕጉ ሕግ ነው፤ ቀዳዳዋን የሞላ ሰው በእግሩ አይሄድም። ኧረ በሕግ አምላክ፣ ኧረ ተው እያለ ትከሻ ላይ አወጡት። ቦርሳውን ፋታይ ተሸከመለት። በዛፎቹ ሥር እየዘፈኑ ወደ ጀልባው ሲወርዱ አንድ እግር ጫማው ጭቃ ውስጥ ወደቀና እስካሁን አልተገኘም። የመንግሥት ሰው በአንድ ጫማ ጀልባ ሲሳፈር ሕዝቡ ከማቆሚያው ላይ ሆኖ እጁን አውለበለበለት፤ ካፒቴኑም ጥሩምባውን በዘፈኑ ዜማ ነፋ። ብሮንዊን የቆመችው አባቷን በክንዱ ይዛ ነበር።

"የጻፍኩልህን ለምን ቀየርከው?" አለችው።

"ውሻው እኮ በጊዜ ነው የሚተኛው፤" አለ ክሌም። "የምጠብቅሽ እኔ ነኝ።"

በማግስቱ ብሮንዊን ሥራ ገባች። ሲመሽ እንደ ልማዷ እየሮጠች ደረሰች፤ ፋታይ ገመዱን በእጁ ይዞ፣ ምነው ዘገየሽ፣ ባንቺ ምክንያት የሚቆም ጀልባ ያለ መሰለሽ ብሎ አላገጠባት። ተሳፋሪው ጥቂት ነበር። ጀልባው የባሕር ወሽመጡን ጨርሶ ሲዞር ከዛፎቹ በላይ የቤታቸው መብራት ታየ። ድሮ ስታየው አባዬ ደግሞ ረስቶት ነው እያለች ገብታ ታጠፋው ነበር። ዛሬ ከጀልባው ወርዳ ዳገቱን ቀስ ብላ ወጣች፣ በሩን ከፈተች፣ ሻዩ ፈልቷል። ተቀምጠው ጠጡ፤ መብራቱንም አላጠፋችውም።